ጎረቤት የመጠየቅ እንጂ የማባረር መብት የለውም!

በአዲስ አበባ ለተጎዱና ለተቸገሩ ልጃገረዶች መጠለያ የሚሆን ግቢ መከራየት ቀላል አይደለም። ገንዘቡ ተገኝቶ፣ ፈቃዱ ተሟልቶ እንኳ አከራዩ ማን እንደሚገባበት ሲሰማ ቃሉን የሚያጥፍበት ጊዜ አለ። አከራዩ ቢስማማ ደግሞ የጎረቤት ቅሬታ ይከተላል። «ልጆቻችን መጥፎ ጠባይ ይማራሉ»፣ «በር ላይ ወንድ ይሰበሰባል»፣ «ጫትና ሺሻ ይገባል»፣ «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» ይባላል። የብዙዎቹ ቅሬታዎች ማሳረጊያም አንድ ነው፦ መጠለያው ይከፈት፣ እኛ ሰፈር ግን አይሁን።

ጋዜጣችን ሥጋቱን አይንቅም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ብሎ ያደገ ሕዝብ፣ ማን እንደሚያስተዳድረው የማያውቀው ቤት ከአጥሩ ማዶ ሲከፈት ቢጠይቅ አይወቀስም። የምንቃወመው ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ወደ ክልከላ መለወጡን ነው።

በእንዲህ ዓይነት መጠለያዎች ያለዕድሜ ጋብቻን ሸሽተው የመጡ፣ ከመናኸሪያ በደላላ ተወስደው ለቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩ፣ በአሠሪ ወይም በዘመድ የተደፈሩ፣ ጎዳና ላይ የሰነበቱ ልጆች ይገኛሉ። ከመካከላቸው ቁጡዎች አሉ፤ የሚዋሹ፣ እጃቸው የማያርፍ፣ ከግቢ የሚጠፉም አሉ። ይህን መሸፋፈን ለማንም አይበጅም። ይሁን እንጂ «አስቸጋሪ» የሚባለው ጠባይ ብዙውን ጊዜ የደረሰባቸው በደል ያመጣው ነው፤ የሚለወጠውም ልጅቷ ያለ ፍርሃት ስታድር፣ በሰዓቱ ስትበላና ትምህርት ቤት ስትመለስ ነው።

ከአሠሪዋ ቤት ያመለጠች የ15 ዓመት ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ብትደርስ ቃሏን የሚቀበል መርማሪ ታገኝ ይሆናል። እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ ተቋማት ለተጠቂዎች የተደራጀ ማዕከልም አለ። ቃሏን ሰጥታ፣ ተመርምራ ስትጨርስ ግን ይመሻል። ልብሷን የቋጠረችበትን ፌስታል ታቅፋ አግዳሚው ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ የቀረው ጥያቄ ዛሬ የት ታድራለች የሚለው ብቻ ነው። መጠለያ ከሌለ ያላት ምርጫ ያመለጠችበት ቤት ወይም ጎዳና ነው። እሷ ከጠፋች ደግሞ መዝገቡ ዋና ምስክሩን ያጣል፤ አጥቂውም ነፃ ሊወጣ ይችላል።

ደግሞስ ልጅቷ ለመንደሩ እንግዳ ናት? በየግቢው ሰርቪስ ቤት፣ በየማድ ቤቱ ጥግ የሚያድሩ ታዳጊ ሠራተኞች አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ቢከለክልም፣ የቤት ሠራተኞችን ግን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጪ ትቷቸዋል። ልጅቷ እንጀራ ስትጋግርና ሕፃን ስታዝል አቤት ያላለ መንደር፣ ተጎድታ መጠጊያ ስትፈልግ ፊርማ ማሰባሰቡ ትዝብት ላይ ይጥለዋል።

ሕጉም ከልጆቹ ጎን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የመንግሥት አካላትም ሆኑ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናቱን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። ስለሆነም አንድ ወረዳ ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ሳይኖረው ጎረቤት አልወደደውም ብሎ መጠለያ ሊከለክል አይገባም።

«ከከተማ ወጣ ብሎ ይሠራ» ወይም «ትልቅ ማዕከል ይበቃል» የሚለው ሐሳብም አያስኬድም። የከተማ አስተዳደሩ በ2016 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ለነገዋ የሴቶች ተሐድሶና የክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ትልቅ እርምጃ ነው፤ ትልቅ ማዕከል ግን ለሁሉም አይሆንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ልጅን በተቋም ማሳደግ የመጨረሻ አማራጭ መሆኑን ይገልጻል። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ፍርድ ቤት የምትመላለስ ልጅ የምትፈልገው ታክሲ የሚደርስበት፣ ጥቂት ልጆች ከሞግዚት ጋር እንደ ቤተሰብ የሚኖሩበት ቤት ነው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ ጀምሮ በአዳማና በሀዋሳም መጠለያ መክፈቱ፣ ሥራው በአገር ልጆች አቅም የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ቤት ከፋቹ ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። የሚቀበላቸውን ልጆች ቁጥር ግቢው ከሚችለው በላይ አያድርግ። ሌሊትም ቀንም ኃላፊነት የሚሰማት ሞግዚት፣ በር ላይ ጥበቃ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይኑረው። ችግር ሲፈጠር ጎረቤት የሚደውልለት ሰው ይመድብ። የሰፈሩ ዕድር አባል ሆኖ በለቅሶውም በጽዳቱም ይሳተፍ። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፈቃድ አይቶ ዞር ማለቱን ትቶ በየጊዜው ግቢውን ይጎብኝ፤ ያየውንም ይመዝግብ። በር ላይ የሚያንዣብብ ወንድ ካለ በሕግ መጠየቅ ያለበት እሱ እንጂ ግቢ ውስጥ ያለችው ልጅ አይደለችም።

አንድ ወሰን ግን መታለፍ የለበትም። ጎረቤት ስለ ቤቱ አስተዳደር መጠየቅ ይችላል፤ ማን ተደፈረች፣ ማን አረገዘች፣ ማን ከየት ጠፍታ መጣች ብሎ ግን ሊጠይቅ አይገባም። አንዳንዶቹን አጥቂዎቻቸው ይፈልጓቸዋል። አድራሻቸውን በሰፈር ወሬ ወይም በቴሌግራም መበተን ሕይወታቸውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የመጠለያው ኃላፊዎችም ከዕድሩ ዳኛና ከጥቂት የተመረጡ ጎረቤቶች ጋር ቀድመው ቢመክሩ፣ ምሥጢሩም ይጠበቃል፣ አሉባልታውም ቦታ ያጣል።

የከተማው አስተዳደር ፈቃድ የሚሰጥበትንና የሚቆጣጠርበትን መስፈርት ለነዋሪው በግልጽ ያሳውቅ። መስፈርቱን ያሟላ መጠለያ ይከፈት፤ ያላሟላ ይታረም፣ ካልታረመም ይዘጋ። መስፈርቱን ያሟላን ቤት ግን በጎረቤት ፊርማ መዝጋት ሕገወጥም ነውርም ነው!