የወረደችው ጣሳ

ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና ጋበዘኝና መርዶ ነገረኝ። ሞተ የተባለው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ቢራ ጠማቂ ቤት ነው። የሳን ፍራንሲስኮው አንከር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ እጠራለሁ።) ቤቱ በ1896 ተቋቋመ፤ በ1965 አንድ ሐሙስ ሲቀረው ፍሪትዝ ሜይታግ የሚባል ወጣት ገብቶበት አተረፈው። በትንሽ በትንሹ፣ ጣዕሙን ጠብቆ መጥመቅን አሜሪካኖች «ክራፍት» ይሉታል፤ ፈር ቀዳጁም እሱ ነው ይባላል። በ2017 የጃፓኑ ሳፖሮ ገዛው፤ በ2023 ሊዘጋ መሆኑ ሲነገር የከተማው ሰው የመጨረሻዋን ጠርሙስ ለመግዛት ተሻማ። በ2024 እንኳን ሐምዲ ኡሉካያ የሚባል የእርጎ ከበርቴ ገዝቶታል። ሬሳው ሳይቀር ገዢ አገኘ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ የራሱ ጣዕም ያለው ቤት ሲጠፋ ከተማው ይጎድላል» አለኝ ልጁ፣ ከልቡ አዝኖ።

እውነቱን ነው። ግን ይህ ልጅ የይጁቤ ልጅ ነው። እናቱ ጠላ ሸጠው ነው ያስተማሩት። ቤታቸው ጠላ ካቆመ ሰነባብቷል።

«የእናትህ ቤትስ?» አልኩት።

«እሱማ ጠላ ቤት ነው!» ብሎ ሳቀ።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለነበርኩ ከአንዲት ምዕላድ ጋር መጣላት ያምረኛል። ዛሬ የምከሳት ያችን «ማ»ን ነው።

እስቲ እንየው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ለቢራ ሆፕ የሚሰጠውን ምሬት ለጠላ የሚሰጠው ጌሾ ተወቅጦ ይጠነሰሳል። ብቅሉና ቂጣው ይገባሉ፤ አሻሮው ታምሶ፣ ተፈጭቶ ድፍድፍ ይሆናል። መቼ በውኃ እንደሚሞላ የሚያውቀው የጠማቂዋ አፍንጫ ነው። የሁለት ጎረቤታሞች ጠላ አንድ አይሆንም፤ ነባር ጠጪ ዐይኑን ጨፍኖ የማን ጋን እንደሆነ ይነግርሃል። ቅራሪው ለልጆች፣ አተላው ለከብት ይተርፋል። ፈረንጁ ክራፍት ሲል ከዚህ ሌላ ምን ማለቱ ነው?

ለፋብሪካ ሲሆን ግን እጃችን ፈጣን ነው። መንግሥት በ2011 ሐረርንና በደሌን ለሄኒከን በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2012 ሜታን ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ «ኢንቨስትመንት መጣ» ተብሎ ተጨበጨበ። ዲያጆ በ2022 ሜታን ለቢጂአይ አስረክቦ ወጣ፤ አመል ነው፣ ነጋዴ ይመጣል ይሄዳል። የ2019 አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን እስኪያወርደው ድረስም አገር ወዳድነታችን ሳይቀር በጠርሙስ ሲሸጥልን ከረመ። የጠላ ቤት ማስታወቂያ እንጨት ላይ የተደፋች አንዲት ጣሳ ናት። እሷን ለማውረድ አዋጅም አላስፈለገ። የእህሉ፣ የጌሾው፣ የማገዶው ዋጋና የኛ ንቀት በቁ።

«ታዲያ ሴቶቻችን በጭስ ይታፈኑ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚያሳዝነው ጠያቂው ጭሱን የሚያስታውሰው ጠላ ሲነሣ ብቻ መሆኑ ነው። የተማሪዬ እናት ሴት ልጃቸው ጋን ስትሸከም ማየት አይፈልጉም፤ ሰካራም ደጃፋቸው ላይ ሲሳደብ ያደሩበትን ሌሊት እኔ አልረሳውም፣ እሳቸውማ እንዴት ይረሱታል! ግን እኒህን ሴት ጭስ የሚቀንስ ምድጃ፣ ብድር፣ ንጹሕ ውኃ ላቅርብልሽ ያላቸው አልነበረም። ሜይታግ የተበላሸ ቤት ይዞ ሲነሣ ገንዘብ ነበረው፤ ከበርቴ ቤተሰብ የወጣ ነው። የኛዋ ጠማቂ ያላት ዕቁብ ነው። በዚያችው ዕቁብ ደግሞ ስንቱን ዲግሪ አስጭና ሰደደች! በምረቃው ቀን «እናቴ ጠላ ሸጣ» እያልን እናለቅሳለን፤ በማግሥቱ ጠላ ቤት የስድብ ስም ይሆናል። የረባ ያልመሰለንን ጨዋታስ «የጠላ ቤት ወሬ» አይደል የምንለው?

ባለፈው ክረምት እናቱን ልጠይቅ ይጁቤ ወርጄ ነበር። ጠላ ይሸጡበት የነበረው ክፍል ውስጥ የቢራ ሳጥን ተደርድሯል። ትርፏ ምን ያህል እንደሆነች ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጋኑ ከውጭ፣ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ቆሞ የዝናብ ውኃ ይቀበላል።

«ልጄ ሲመጣ እንዳያየው ላስነሣው ይሆን?» አሉኝ።

ልጁ መጥቶ ሦስት ሳምንት ከርሟል። እስካሁን አላየውም።