ቢስማርክን እናውቃለን፤ ዳንግላንስ?

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ለማን የተነገረ ይመስላችኋል? ለካስ ለእኛው ኖሯል፤ ከዳንግላ ተነስተን፣ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነን ለምንለው ለእኛ!

እስቲ ጓዶች፣ ሳንተፋፈር እንነጋገር። ስለ ብሔርተኝነት ምን ተማርን? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1871 በቢስማርክ መሪነት አንድ መሆኗን፤ ለኢጣሊያ አንድነት ማዚኒ እንደሰበከ፣ ካቩር እንደዶለተ፣ ጋሪባልዲ እንደተዋጋ። ስለ ርዕዮተ ዓለምስ? የሊበራሊዝምን፣ የሶሻሊዝምን፣ የፋሺዝምን ትርጉም፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት መስመር፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ስለ ኢኮኖሚ ለውጥስ? የእንፋሎት ሞተርንና የማንቸስተርን የጨርቅ ፋብሪካ። ሸመደድን። ከአራቱ ምርጫ አንዷን አጠቆርን። አለፍን።

ቢስማርክ ከመጽሐፍ ይውጣ አንልም። የምንለው ሌላ ነው፦ ሦስቱም ነገሮች ደጃፋችን ላይ ቆመው ሳለ አንድ ቀን እንኳ ክፍል ውስጥ አልገቡም።

ኧረ ለመሆኑ ያ የእንግሊዝ ፋብሪካ ጥጡን ከየት ያመጣ ነበር? ካመጣባቸው አገሮች አንዷ ሱዳን ነበረች። የሱዳን የገዚራ እርሻ የሚጠጣው የዓባይን ውሃ ነው። እንግሊዞች ጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ሲቋምጡ የኖሩት ለዚሁ ነው። ቺስማን የሚባለው የእንግሊዝ ቆንስልም እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ሲያጠና የነበረው በዚያው ዘመን ነው። የማንቸስተር ጉዳይ እዚሁ ሰፈራችን መጥቶ ነበር ማለት ነው! ማን ነገረን?

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ ተነሳ። ሞጣና ቢቸና በአመፅ ታመሱ። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር አዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ይህን ምን እንበለው? የመደብ ትግል ነው? ርስት ማስከበር ነው? ወይስ የጎጃሜነት ስሜት? ያኔ ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በገበያዋ ምን ይወራ ነበር? እዚህስ ሰዉ ተነሳ ወይስ ዝም አለ? ይህን የሚነግሩን ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ፤ ነገ ግን አይኖሩም።

ርዕዮተ ዓለምማ ማሳችን ድረስ መጥቷል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ አያቶቻችንን ከርስት ወደ ገበሬ ማኅበር ሲያሻግራቸው የመጣው እሱ አይደለም እንዴ? አባቶቻችን በደርግ ጊዜ ማርክስን ሸመደዱ፤ እኛ ደግሞ የሥነ ዜጋን 11 ምዕራፍ ሸመደድን። መጽሐፉ ተለወጠ፤ ሽምደዳው ግን ያው ነው።

የዛሬውን ኢኮኖሚስ? ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲኬድ አዲስ ቅዳም አለች፤ ወረዳው ፋግታ ለኮማ ነው። አፈሩ በአሲድ የተጎዳበት ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ያበቅለዋል፤ ከዚያ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከሰሉ በመኪና ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይገባል። ቆርቆሮ ቤት የተሠራው፣ ለእኛም ደብተር የተገዛው በዚሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን በሽታ ገባበት። ይህ ገበሬ አባታችን ነው። ለምን ከእህል ወደ ከሰል እንደዞረ፣ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥበት ብንጠየቅ ግን አፋችን ይያዛል።

በብሔርተኝነት ላይ ያለብን ዕዳ ከሁሉም ይከፋል። የዳንግላ ገበያ በአውንጂም በአማርኛም ዋጋ የሚጠራበት ነው። ከዚያ የወጣ ልጅ ስለ ብሔርና ስለ ቋንቋ የሚጠይቀው ሞልቶ ነበር። አልጠየቅንም፤ ስላልጠየቅን ስልካችን መለሰልን፣ ስድብ መለሰልን። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በብሔር ስም ግጭት ተነስቶ የተማሪ ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው አገር ቤት ገቡ። ድንጋይ ያነሳው ተማሪ የብሔርተኝነትን ትርጉም ተፈትኖ ያለፈ አልነበረምን? ዋለልኝ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1969 የብሔረሰቦችን ጥያቄ በተማሪዎቹ ልሳን በ«ስትራግል» ሲጽፍ እንደኛው ተማሪ ነበር። በሐሳቡ የሚስማማም የሚቃወምም መብቱ ነው፤ እኛ ግን ሳናነብ የምንሰድብ፣ ሳናነብም የምናመልክ ሆነናል።

አሁን ግለ ሂስ። መምህራኑን ብቻ ከሰን አንወጣም። «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» እያልን ያስቸገርን እኛ ነን። አንድ መምህራችን ከመጽሐፉ ወጣ ብለው ስለ አካባቢያችን ማውራት ሲጀምሩ ደብተራችንን ከድነን ያንጎላጀጅነው እኛ ነን። እሳቸውም ተመልሰው ወደ ቢስማርክ ሄዱ። ምን ያድርጉ?

ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱ እስኪለወጥ ቁጭ ብለን አንጠብቅ። በመጪው ክረምት አገር ቤት ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ አዛውንት፣ አንዲት አሮጊት እንጠይቅ፦ ግብሩ ሲመጣ ምን አላችሁ? መሬቱ ሲታወጅ ማን አለቀሰ፣ ማን እልል አለ? በአውንጂ የነገሩንን በአውንጂ፣ በአማርኛ የነገሩንን በአማርኛ እንጻፈው። መጀመሪያ እዚህ መጽሔት ላይ እናውጣው፤ ቀጥሎ ለዘጠነኛ ክፍል ታናናሾቻችን እናድርሰው። ከቢስማርክ ጎን ያኑሩትና ያወዳድሩት።

የሰው ድስት ማማሰሉ ይብቃን። የራሳችን እየሸተተ ነው።