የጐደለው ዓምድ

የዓለምን ጸጥታ ለመጠበቅ ማን ስንት ይክፈል የሚለው ክርክር በሀብታሞቹ መንግሥታት ዘንድ የሚካሄደው በመቶኛ ነው። የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን አባሎች በ2006 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው ከጠቅላላ ምርታቸው 2 በመቶ ለመከላከያ እንዲያውሉ ተስማሙ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሄግ ተሰብስበው ግቡን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 5 በመቶ ከፍ አደረጉት፤ ስፔን ብቻ ይህን ያህል አልችልም አለች። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ግን አንድ ዓምድ ጐድሏል፤ እርሱም የሰው ዓምድ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት ጦር በ1999 ዓ.ም. ሶማሊያ ከገባ ወዲህ የወታደሩን አበል ይከፍል የነበረው በይበልጥ የአውሮፓ ኅብረት ነው። የሚሞተውን ሰው የሰጡት ግን ኡጋንዳና ቡሩንዲ፣ ኋላም ጅቡቲ፣ ኬንያና ኢትዮጵያ ናቸው። የአንድ ወታደር አበል በወር 1,028 ዶላር ነበር፤ ከዚያም ላይ አንዳንዶቹ ላኪ መንግሥታት ይቀንሱለት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚያው ዘመን በራሱ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ለሚሰለፍ ወታደር ለላኪው አገር ይተካ የነበረው ከ1,300 ዶላር በላይ ነው። ጥይቱ ሰንደቅ ዓላማ የሚለይ ይመስል! በጥር 2008 ዓ.ም. አልሸባብ ኤል አዴ ላይ የኬንያን ጦር ሠፈር ሰብሮ ብዙ ወታደር ፈጀ። የአውሮፓ ኅብረት ከአበሉ ላይ 20 በመቶ የቀነሰውም በዚያው ወር ነው። ገንዘቡ የእርሱ ስለ ሆነ ከልካይ አልነበረውም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሶማሊያ ጎረቤታችን ናት፤ ለራሳችን ደኅንነት ስንዋጋ ከማን ዋጋ እንጠይቃለን?» ይሉናል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያልፈው መርከብ የማን ነው? ጭነቱስ?

ነገሩ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባሎች በኢጣልያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ሸክም እንዲካፈሉ በተጠየቁ ጊዜ ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ሁሉም የቀለለውን መረጠ፤ የከበደው በእኛ ላይ ወደቀ። ያም ሆኖ በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ኮርያ ዘመተ፤ በዚያ ጦርነት ከተሰለፉት ከ3,000 በላይ ወታደሮቻችን ከ120 በላይ የሚሆኑት ወደቁ።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2719 ከአፍሪካ ኅብረት ዘመቻዎች ወጪ እስከ 75 በመቶ ከአባል መንግሥታት መዋጮ ሊሸፈን እንደሚችል ፈቀደ። እኛም በጊዜው ተደስተን ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ግን አሜሪካ ስለ ተቃወመች ለሶማሊያው ጦር ሳይሠራ ቀረ።

ሌላውን ስንወቅስ የራሳችንንም ደጅ እንይ። ወታደር ላኪዎቹ መንግሥታት የወደቁባቸውን ሰዎች ሙሉ ቁጥር ለሕዝብ የማውጣት ልማድ የላቸውም። ራሳችን ያልቈጠርነውን ሙት ብራስልስና ኒውዮርክ እንዲቈጥሩልን በምን አፋችን እንጠይቃለን? ስለዚህ ቁጥሩ በየዓመቱ ለፓርላማ እንዲቀርብ እንጠይቃለን፤ የአፍሪካ ኅብረትም ወደ ድርድር ሲሄድ ከገንዘቡ ዓምድ ጐን ያስቀምጠው። የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችን ለዚህ ዓምድ ምን ዓይነት መለኪያ እንደሚስማማው በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ገጹ ክፍት ነው።