የሩዝ ዘር ከመታደሉ በፊት ቡቃያው ይፈተን

ዘር የሚመሰገነው ወይም የሚነቀፈው በመከር ቀን ነው። ነገር ግን ዝናቡ አጭር፥ ፀሓዩም ብርቱ በሆነ አገር የእህሉ ዕድል የሚቈረጠው ከተዘራ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ለቈላው የሩዝ ዘር ሲመረጥ፥ ስንት ኩንታል ሰጠ ከማለት አስቀድሞ ቡቃያው እንዴት ተነሣ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን የምንጽፈው ፊልቱን አስበን ነው። ከነገሌ ወደ ዶሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የሊበን ከተማ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ትገኛለች። ሕዝቧ አብዛኛው ከብት አርቢ ነው፤ ዝናብም የሚጠብቀው ጉና ደይር በሚባሉት ሁለት ወራት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው ስለ ከሸፉ በደቡቡ ቈላ ብዙ ከብት አለቀ። ስለዚህ በወንዞቹ ዳር በመስኖ ማረስ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሩዝም ለዚህ አገር ሰው የተለመደ ምግብ ነው፤ ነገር ግን አገራችን የምትበላው ሩዝ አብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣል። በዋቢ ሸበሌ ዳር በጎዴ ሩዝ በመስኖ መብቀሉም አስቀድሞ ታይቷል።

የአገራችን የሩዝ ምርምር ዋና ስፍራ ፎገራ ነው። ፎገራ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ስለ ሆነ፥ በዚያ የበረታው ዘር በገናሌ ዳርም ይበረታል ብሎ መፍረድ አይቻልም።

የቡቃያ ብርታት ዋና ጥቅሙ አረምን መቅደሙ ነው። የሴራሊዮኑ ሊቅ ዶክተር ሞንቲ ጆንስ የእስያን ሩዝ ከጥንቱ የአፍሪካ ሩዝ ጋር አዳቅለው ኔሪካ የተባለውን ዘር አስገኙ። የአፍሪካው ሩዝ የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ገና በለጋነቱ ቅጠሉን ዘርግቶ አረሙን ስለሚያጠላበት ነው። ስለዚህም ሥራ በ1997 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ፈተናው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከየዝርያው እኩል ቍጥር ያለው ዘር በአንድ ቀንና በአንድ ጥልቀት በብዙ መደብ ደጋግሞ መዝራት፤ አስቀድሞ የታወቀ ዘር ለማነጻጸሪያ በመካከል ማኖር፤ በስንት ቀን እንደ በቀለና ከመቶው ስንቱ እንደ ወጣ መቍጠር፤ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ቁመቱን መለካት፤ ጥቂቱንም ነቅሎ አድርቆ መመዘን ነው። በፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ባወጣው መመዘኛ እጅግ የበረታው ቡቃያ 1፥ እጅግ የደከመው 9 ይሰጠዋል። ዘሮቹም ሁሉ በአንድ ዓመት የተሰበሰቡ ይሁኑ፤ አሮጌ ዘር ቢደክም ጥፋቱ የጎተራው እንጂ የዝርያው አይደለምና።

ፈጥኖ መብቀል ብቻ ግን አይበቃም። በወንጌሉ ምሳሌ በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር ፈጥኖ ቢበቅልም ሥር ስላልነበረው ደረቀ። እንግዲህ ሥሩም ይመርመር፤ የተመረጠውም እስከ መከር ይጠበቅ።

ሕዝብ ተርቦ ሳለ ፈተና ለምን ይሆናል የሚል ቢኖር፥ የቡቃያው ፈተና የአንድ ወር ሥራ ነው ብለን እንመልስለታለን። ከብቱን ያጣ ሰው የቀረ ጉልበቱን አውጥቶ ማሳ መንጥሮ ዘሩ በአረም ቢዋጥበት፥ ሁለተኛ የሹም ምክር አይሰማም። ስለዚህ የእርሻ ሹማምንት በወንዙ ዳር ጥቂት መደብ ያስለዩ፤ የሃይማኖት አባቶችም ያልተፈተነ ዘር እንዳይታደል ይምከሩ። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ የተባለው ለቡቃያም ይሆናል።