መላሽ ያጣ ተረት

የአማርኛ ተረት በአንድ አፍ ብቻ ተነግሮ አያውቅም። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብለው ካልተቀበሉት ነገሩ አይጀመርም፤ ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ» ብሎ ተራውን ለእነርሱ ይለቃል። በመካከሉ ጅብ ሰው ይበላል፣ እንጀራ እናት ልጅ ታሰቃያለች፣ ጭራቅ በጨለማ ይመጣል። አያቶቻችን ለሕፃን ጆሮ ይከብዳል ብለው እነዚህን አላስቀሩም። ልጁ ይፈራል፤ የሚፈራው ግን የአያቱን ቀሚስ ጨብጦ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ የካርቱን ፊልም ለመናገር ነው። ቀድሞ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር የመሠረቱት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የአሻንጉሊት ዝግጅቱ ብዙ ሕፃናትን ፊደል ካስቆጠረ በኋላ፣ «ጥበብ ገርልስ» የሚባል ተከታታይ የአኒሜሽን ሥራ አዘጋጅቷል። ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት የተባሉ ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ታጥቀው ያለዕድሜ ጋብቻንና በወር አበባ ላይ የተጫነውን ነውር ይታገላሉ።

በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እኩያዋ ለባል ስትታጭ በሥዕል ማየቷ ምን ይጠቅማታል? ልጅነት ለጥቂት ዓመታት እንኳ ከክፉ ወሬ ቢጠለል ምናለበት? ይህ ከርኅራኄ የሚወጣ ጥያቄ ነው፤ ለሚጠይቀው ወላጅም አክብሮት አለኝ። ዳሩ ግን ጥያቄው «ልጅቱ ክፉውን ገና አላየችም» ከሚል ግምት ይነሣል። ግምቱ በአንዳንድ የአዲስ አበባ ሳሎን ይሠራ ይሆናል፤ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን አይሠራም።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያቆለቁልባቸው ቀበሌዎች የምታድግ ልጅ ሽማግሌ ሲላክ አይታለች፤ ከጥር ሠርግ በኋላ ወደ ክፍል ያልተመለሰች ጓደኛም ትኖራት ይሆናል። ሕጉ አልጎደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 ዓመት የሞላትን ያገባ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል ይላል። ይህም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሚሆናቸው ሴቶች 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። የአማራ ክልል ደግሞ ሴቶች በለጋነታቸው ከሚዳሩባቸው ክልሎች አንዱ መሆኑ የቆየ እውነት ነው። እንግዲህ ካርቱኑ ለዚህች ልጅ አዲስ መርዶ አያረዳትም፤ የምታውቀውን ነገር በስሙ ይጠራላታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለም?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። በሥዕሉ ውስጥ ልዩ ኃይል ያላት ጀግና በሰዓቱ ትደርሳለች። በደጋው መንደር ግን የሚደርሰው፣ ከደረሰ፣ ባዶ ወንበር አይቶ «የት ሄደች?» ብሎ የሚጠይቅ የክፍል ኃላፊ መምህር ነው፤ ወይም የእኩያዋን ምሥጢር ደፍራ የምትናገር ጓደኛ፣ ወይም በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከትምህርቱ ጋር እነዚህ ዓይኖችም ተዘግተዋል። በደሏን በስሙ ካወቀች በኋላ የምትነግረው ሰው ያጣች ልጅ፣ ካላወቀችው ይልቅ ብቸኝነቷ ይከፋል። ካርቱኑ ያስፈራል ከተባለ፣ የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ይታይ እላለሁ፤ ልጅ ግን ብቻዋን አትየው። ቴሌቪዥን «ተረቴን መልሱ» ብሎ አይጠብቅም፤ ማስታወቂያውን ያስከትላል። መመለሻውን ስፍራ ማበጀት የእኛ ፈንታ ነው፦ በቤት የእናትና የአባት፣ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሁሉ የሴት ተማሪዎች ክበብና የሚኒ ሚዲያ። «ያቺ ልጅ ምን የተሰማት ይመስልሻል? አንቺ ብትሆኚስ ለማን ትነግሪ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ልጅቱ ለሁለተኛው ጥያቄ የምትጠራው ስም ካጣች፣ ጠያቂው ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራ አለበት።

ብዕር ለያዛችሁ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ጥበብ የሚለው ቃላችን ዕውቀትንም፣ በቀሚስ ጠርዝ የሚሸመነውን ጌጥም ይጠራል፤ ሁለቱም ቀስ ተብለው የሚሠሩ ናቸው። ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ተፈጥረውልናል፤ ደግ ነው። አሁን ኃይል የሌላቸውን ጻፉልን፦ ልጄን አልድርም ብሎ ከወንድሞቹ የተጣላውን ገበሬ፣ የጓደኛዋን ምሥጢር ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችውን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። የመካነ ሰላም ልጅ ስታነባቸው፣ ራሷ ልትሆነው የምትችለውን ሰው ታገኝበታለች።