ሰሊጡ ከቤት ሳያልቅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ለባለትዳሮች የቁጠባ ምክር ሲሰጥ ሰማሁ፤ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም። ሽንኩርት ሲረክስ በብዛት ግዙ፣ ክተፉና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ ይላል። የሳምንቱን ቁሌት በአንድ ቀን አብስሉ፣ በየዕቃው ከፋፍሉና አቀዝቅዙ ይላል። የተረፈውን እንጀራ በፌስታል ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት ክተቱ ይላል። አብረውኝ ቡና ይጠጡ የነበሩት ጎረቤቴ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናት፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ማቀዝቀዣ የገዛ ሰው የሽንኩርት ዋጋ ምን ያስጨንቀዋል?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? እዚህ መተማ ዮሐንስ ማቀዝቀዣ ያለውም ሰው ቢሆን መብራት የሄደ ለት ቁሌቱን ለጎረቤት ያድላል። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ደጋ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቆይ ወጥ እዚህ በማግሥቱ ምሳ ድረስ አይታመንም። ስለዚህ የዚህ አገር ባልትና የተማረው ከሙቀቱ ጋር ተስማምቶ መኖርን ነው። ይህንን ባልትና ግን አንድም የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጥቶ ሲጠይቅ አላየሁም፤ ምክሩ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርድልናል።

ከጎረቤቴ በረንዳ ጥግ ዚር አለ። ከወዲያ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት፣ የድንበሩ በር ወለል ብሎ በተከፈተበት ዘመን የመጣ ነው። ወፍራም ሸክላ፣ ሆዱ የሰፋ፣ በብረት እግር ላይ የቆመ፤ ቀን ከሌት ያልበዋል። ውሃው በሸክላው ውስጥ እየሰረገ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ደረቁ ነፋስ ያተንነዋል፣ ሲተን ከውስጥ ያለውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ሞሐመድ ባህ አባ የተባሉ መምህር ይህንኑ ጥበብ ወስደው፣ ትንሿን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሞሉት፤ ለአትክልት ማቆያ እንዲሆን ለገበሬዎች አዳረሱትና እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የሮሌክስን ሽልማት አገኙበት። እኛም ማሰሮውም አሸዋውም አለን። መጠንቀቅ የሚያሻው ማሰሮው ያልተሟሸ እንዲሆን ብቻ ነው። ለወጥ የሚሆነውን ሸክላ እናቶቻችን የሚያሟሹት ቀዳዳው እንዲደፈን ነው፤ ለማቀዝቀዣ የሚሆነው ግን መተንፈስ አለበት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ፣ አፉን በእርጥብ ጆንያ መክደን፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ማቆም። ከኅዳር እስከ ግንቦት ቲማቲሙንና ቃሪያውን ደህና አድርጎ ያቆያል። ክረምት ሲገባ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን አይሠራም፤ ያኔ በከንቱ አትድከሙ።

እንጀራውንም ቢሆን በረዶ ቤት የሚከተው ማን ነው? ፀሐይ አለን። የማሽላ እንጀራ ካደረ ይፈረካከሳል፤ ሦስተኛውን ቀን ከመጠበቅ ገና በማግሥቱ ጠዋት ቆራርሶ ሰፌድ ላይ መዘርጋት፣ ከላይ ስስ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው፤ በዚህ ፀሐይ እስከ ማታ ድርቆሽ ይሆናል። ለመንገደኛ፣ ለተማሪ ልጅ፣ ድንገት ለመጣ እንግዳ ከድርቆሽ ፍርፍር የሚፈጥን ምግብ የለም። አንድ ነገር ግን በብርቱ እቃወማለሁ፤ የሻገተውን ጫፍ ቆርጦ ቀሪውን ማድረቅ። ሻጋታ በዓይን ከሚታየው በላይ ይዘልቃል። የተረፈውን ለማዳን ብሎ ልጅን ማሳመም ከኪሳራም የከፋ ኪሳራ ነው።

ባምያ ደግሞ በክረምት ከማንም ሰው ጓሮ አይጠፋም። በመስከረም ገበያው ሲሞላ ዋጋው ይወርዳል፣ በጥር ደግሞ ይጠፋል። ቀለበት ቀለበት አድርጎ ከትፎ ማድረቅ፣ ሲንኮሻኮሽ መውቀጥ፤ ሱዳኖች ዌካ ይሉታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ተነስቶ ሰዎች በዚህ በር ሲገቡ፣ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ እናቶች ከያዟት ጥቂት ዕቃ መካከል የዌካ ቋጠሮ አይቻለሁ። ከካርቱም ሸሽቶ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ ያውቃል፤ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ ከትንሽ ብዙ የሚያደርግ። ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ ቲማቲም፣ ትንሽ ዘይት ይቁላላና ውሃ ይጨመርበታል። ሲፈላ ዌካውን በጣት ቆንጥሮ ከላይ እየነሰነሱ በማማሰያ ሳያቋርጡ መምታት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከተደፋ ይጓጉላል። ወጡ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል፣ ለስድስት ሰው ይበቃል። አራት ሽንኩርት ከሚጠይቀው ቁሌት ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደ አሮጌው ጠቤ ልመለስ፤ ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ሰዎች ወዴት እንደማመራ ሳታውቁ አትቀሩም። ዘይት!

ጥቅምት ሊያልቅ ነው፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ላይ፣ ማድረቂያ ክምሩ ላይ፣ ቆሟል፣ ነጋዴው ሚዛኑን ወልውሏል። ከቡና ቀጥሎ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ሲያመጣ የኖረው ነጭ ሰሊጥ የሚበቅለው ሑመራና መተማ፣ እዚሁ እግራችን ሥር ነው። እስራኤል ውስጥ ጣሂኒ የሚሠሩ ሰዎች የዚህን አካባቢ ሰሊጥ ለይተው ይፈልጉታል፣ ቻይና በመርከብ ትጭነዋለች። ገበሬው ቤት ስትገቡ ግን ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ከኢንዶኔዥያ ወይም ከማሌዥያ የመጣ የፓልም ዘይት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው። ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት የሆነ እህል እኮ ነው! የጎረቤት ሱዳን ሰዎች በግመል በሚዞር መጭመቂያ ሲጨምቁት ኖረዋል፤ ፋጉሎውን ለከብት ይሰጣሉ፣ ዘይቱን ይበላሉ።

ባለፈው ይህንን ስጽፍ የተቆጡኝ ነጋዴዎች ሒሳብ አቀረቡልኝ። አንድ ኪሎ ሰሊጥ ሲሸጥ ከውስጡ ከሚወጣው ዘይት የበለጠ የፓልም ዘይት ይገዛል፣ ስለዚህ ሸጦ መግዛት ነው ቁጠባው አሉ። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ቤት ውስጥ ግን ልክ አይደለም። ገበሬው የሚሸጠው መቼ ነው? ለአረም የተበደረውን የሚከፍልበት ቀን ሲደርስ፣ ሁሉም አብሮ ሲሸጥ፣ ዋጋው ሲወድቅ። ዘይቱን የሚገዛው መቼ ነው? ጾም ሲገባ፣ ሁሉም አብሮ ሲገዛ፣ ዋጋው ሲሰቀል። በመሃል ያለው ገንዘብ የት ሄደ ብላችሁ እመቤቲቱን ጠይቁ፤ እሷ ታውቃለች። ደግሞም ጨምቁት አላልኩም። ብሉት ነው ያልኩት። ሰሊጥን እንደ እህል የበላ ሰው ለዚያ ቀን ዘይቱንም ወጡንም ተወጣው።

ጎረቤቴ እንዴት እንደሚያዘጋጁት በዚሁ ሳምንት ቁጭ ብዬ አየሁ። ሁለት ኩባያ ያህል ሰሊጥ ባልዲ ውስጥ ከተቱ፣ ውሃ ሞሉበት፣ በእጃቸው አሽከረከሩት። አሸዋው ከታች ዘቀጠ፤ ሰሊጡን ከላይ በጥልፍልፍ ማጥለያ እየቀዱ ወደ ሌላ ዕቃ አዛወሩ። ይህን ደጋገሙት፤ መጨረሻ ላይ ከባልዲው ሥር የቀረውን ጥቁር አሸዋ በጣታቸው አሻሽተው «ይህን ነው ሰው በጥርሱ የሚያገኘው» አሉኝ። ሰሊጡን አጥልለው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ በለዘበ ከሰል ላይ ብረት ምጣድ ጥደው ሳያቋርጡ አመሱት። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ ወዲያው አወረዱ፤ ትንሽ ከቆየ ይመራል፣ የመረረ ሰሊጥ ደግሞ በምንም አይመለስም። ገና ትኩስ ሳለ ሙቀጫ ውስጥ ከተቱት፤ ከቀዘቀዘ ዘይቱን አይለቅም። ዘነዘናው መጀመሪያ ደረቅ ድምፅ ነበረው፤ እየቆየ ግን እየረጠበ መጣ፣ ከዳር ዳር መብረቅ ጀመረ፣ በመጨረሻ ከሙቀጫው ጋር የሚጣበቅ ልም ሆነ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ብዙ ነው። ለፍትፍት ልሙን በለብ ባለ ውሃ በጥብጦ ጨው፣ አንድ ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ከተገኘ ቃሪያ መጨመርና እንጀራውን መፈትፈት ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ ዘይት አይፈልግም፣ ከሰል አይፈልግም። ለሽሮ ሲሆን ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ጣል ማድረግ ነው፤ ዘይት ሳይገባበት ወዝ ያገኛል። ለልጆች ከትንሽ ማር ጋር ትኩስ ቂጣ ላይ መቀባት ነው። ልሙ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ፣ ውሃ ሳይነካው፣ ደረቅ ማንኪያ ብቻ እየገባበት ከሆነ በዚህ ሙቀትም ይቆያል። ከእርሱ ጋር የሚጠጣ ከፈለጋችሁ ከርከዴውን አታፍሉት፤ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ እደሩ፣ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ አንድ ፍም እንኳ አልነደደም። እኔ የምጠይቀው እያንዳንዱ ገበሬ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ለቤቱ ጥቂት ቁና እንዲያስቀር ነው። «ሰሊጥ የሚሸጥ እንጂ የሚበላ አይደለም» የሚለውን ሰው ከዚህ በኋላ ልከራከረው አልፈልግም፤ ይቅመሰውና ያውራ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ግን ሐሳቤ ወደ ሌላ ወጥ ቤት ሄደብኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእርሻው ካምፕ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር ወዳለው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንና የታችኞቹ ፍሬዎች አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልታጨደ መሬት ላይ ይራገፋል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ከደጋው ወጣቶች በአይሱዙ እየተጫኑ የሚወርዱት። ለእነሱ የምታበስለው ሴት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በጭስ ውስጥ፣ ለሠላሳና ለአርባ ሰው ቂጣ ትጋግራለች። ወጡ ሽሮ ነው። ምሳም ሽሮ ነው፣ ራትም ሽሮ ነው፤ ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ውሃው ይበዛል። ያየሁትን ነው የምናገረው፤ የድስቱ ታች የሚታይበት ሽሮ አይቻለሁ። ያንን በልቶ በወባ አገር ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚያጭደው ልጅ የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው።

ባለእርሻው ይህን ቁጠባ ይለዋል። እኔ አልለውም። ከሌላው ሰው ሆድ የሚቀነስ ነገር ስሙ ሌላ ነው፤ ልጁ ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ሰሊጥ ሆኖ እያለ ደግሞ ይበልጥ ያንገበግባል። የሬዲዮውን ምክር ሰምቼ የተናደድኩትም ለካ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጠባ የሚሰበከው ሁልጊዜ ድስቱ ለሳሳበት ሰው ነው።

ስለዚህ ለባለእርሻዎች አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በሚቀጥሉት ቀናት ሸራው ይዘረጋል፣ ሂላው ተገልብጦ ይራገፋል። ሰሊጡ ጆንያ ከገባ በኋላ ከሸራው ዳርና ከሂላው ሥር የሚቀር ጥራጊ አለ፤ አሸዋና ገለባ ስለተቀላቀለበት ነጋዴ አይቀበለውም፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ተበትኖ ለጉንዳንና ለወፍ ይቀራል። ያንን ጠርጋችሁ ለወጥ ሠሪዋ ስጧት። ከውሃው ቦቴ አንድ ባልዲ ጨምሩላት፣ ከተማ ስትወጡ አንድ ሙቀጫ አምጡላት፤ ማጠቡንም መቁላቱንም እሷ ታውቅበታለች። ሠራተኞቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው እስኪሳፈሩ ድረስ ሽሮው ውስጥ በየቀኑ አንድ ጭልፋ ይግባ።