«የእኛስ መጻሕፍት የት አሉ?»

በዚህ የበዓል ገጽ ስለ በግና ስለ ዶሮ ዋጋ፣ ስለ ገና ጨዋታና ስለ ላሊበላ ጉዞ ብዙ እንደሚባል ስለምናውቅ፣ እኛ በፈቃዳችሁ ስለ መጽሐፍና ስለ ሕፃናት ጥቂት እናወጋለን። ነገሩ የተነሣው ከአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለአገልግሎት ወደ ጀርመን አገር ሄደን ሳለ፣ በፍራንክፈርት ከምትኖረው እኅታችን ቤት ዐርፈን ነበር። ሳምንቱ ዓለም አቀፉ የፍራንክፈርት የመጻሕፍት ትርኢት የሚካሄድበት ነበርና፣ እኅታችን ቅዳሜ ሥራ ስለነበረባት ልጅዋን ወደዚያ የመውሰዱ ኃላፊነት በእኛ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር ግን ልጅቱ እኛን ወሰደችን ማለት ይቀላል። ጀርመንኛ አንችልም፤ የባቡሩን ትኬት የቈረጠችው፣ መግቢያውን የጠየቀችው፣ ካርታውን ያነበበችው እርስዋ ናት። እዚያው ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ሰባራ ነው፤ «አጎቴ» ብላ ትጀምርና «አንተ» ብላ ትጨርሳለች። እናትዋ «እርስዎ በይ እንጂ!» እያለች ስትቈጣት እኛው ተይ ብለናታል።

ፍራንክፈርት በመጻሕፍት ገበያ የታወቀችው ዛሬ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጉተንበርግ የኅትመት መሣሪያውን ሥራ ላይ ያዋለባት የማይንዝ ከተማ ብዙም ስለማትርቅ፣ የመጻሕፍት ነጋዴዎች ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዚህች ከተማ ይሰበሰቡ ነበር። አሁን የምናየው ትርኢት ግን ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በነበረው አዳራሽ 205 የጀርመን አሳታሚዎች ተሰብስበው የጀመሩት ነው። እኛ በተገኘንበት ዓመት ከ4 ሺህ በላይ አሳታሚዎች ቀርበውበታል፤ የጐብኚውም ቍጥር ከ200 ሺህ በላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለባለሙያዎች ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን የሕዝብ ነው፤ ሕዝብም ሲባል በአብዛኛው ወጣቶችና ሕፃናት ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከባቡሩ ስንወርድ ያየነው የሕዝብ ጐርፍ የከተራን ዕለት ጃንሜዳን አስታወሰን። ሰዉ ሁሉ እንደ መንገደኛ ባለ ጎማ ሻንጣ ይጐትታል። ይህ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው ብንላት «የሚገዙትን መጽሐፍ ሊከቱበት ነው» አለችን። ክንፍ የተከሉ፣ የእንጨት ሰይፍ የታጠቁ፣ ጠጕራቸውን ሰማያዊ ያቀለሙ ወጣቶች በአጠገባችን ሲያልፉ ደንገጥ ብለን እጅዋን ጠበቅ አደረግን። እርስዋ ግን ሣቀችብን። «ይኼ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው፤ ያቺ ደግሞ በሦስተኛው ክፍል የምትሞተዋ ናት» እያለች አንድ በአንድ አስተዋወቀችን። ያነበቡትን ለብሰው የሚዞሩ መሆናቸውን ስንረዳ ቍጣችን በረደ፤ አለባበሱን እስከ ዛሬ ባንወደውም።

የሕፃናት መጻሕፍት ወዳሉበት አዳራሽ ስንገባ ከሁሉ በፊት ዐይናችን ያረፈው በመጻሕፍቱ ላይ ሳይሆን በአንድ ጺማም ጎልማሳ ላይ ነበር። ሰውየው ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጦ፣ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ አስጠግቶ፣ ተኵላው ሲናገር ድምፁን እያጐረነነ፣ ጠቦቷ ስትናገር እያቀጠነ ያነባል። ቋንቋውን ባንሰማም ተኵላው መቼ እንደሚመጣ ገባን። ዙሪያውን እንዲሁ የተቀመጡ አባቶችና እናቶች ብዙ ነበሩ። እኛ ግን ቀሚሳችን እንዳይቆሽሽ ሰግተን ቆመን ቀረን።

እዚያም አንድ ስሕተት ሠራን። ልጅቱ አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ መርጣ ዋጋውን ስንሰማ፣ እንደ አገራችን ልማድ «ትንሽ አይቀንስም ወይ? በያቸው» አልናት። ፊትዋ ቀላ። በኋላ እንዳስረዳችን በጀርመን አገር የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ትልቁም ሱቅ ትንሹም ሱቅ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሲሆን፣ ታላላቆቹ ነጋዴዎች ዋጋ እየሰበሩ የየሰፈሩን ትንሽ የመጻሕፍት መደብር እንዳያጠፉት የታሰበ ነው። እኛም ሙሉውን ከፈልን፤ መጽሐፉም የልጅቱ ሆነ።

በዚያ ዓመት የትርኢቱ የክብር እንግዳ ጣሊያን ነበረች። ወደ አዳራሽዋ ስንገባ ለልጅቱ አንድ ነገር ልንነግራት ፈለግን። በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ከተማ የወጣው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ያሳተመውም በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት የተማረ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ከ35 ዓመታት በኋላም የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር በዚያችው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ይህን ስንነግራት ራስዋን እየነቀነቀች ሰማችን። «ከዚያስ?» አለች።

ከዚያማ ነገሩ ወደ እርስዋ ከተማ መጣ። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተዋወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1652ም እስከ ጎታ ቤተ መንግሥት ድረስ መጥተው ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ደቀ መዝሙሩ ግን የተማረውን አልጣለውም፤ የኢትዮጵያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1698፣ የግእዙን ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1701 አሳተመ። ለኅትመት የበቃው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይኸው የ1698ቱ ነው። እነዚህ ሁሉ የታተሙት በፍራንክፈርት ሲሆን፣ ሉዶልፍም የሞተው እዚያው ነው።

«እዚህ? እኛ ከተማ?» አለች።

«አዎን፣ እዚሁ።»

ጥቂት ዝም ብላ የአገሮቹን ስሞች እያየች ሄደች። ቀጥላም፣ «ታዲያ የእኛስ መጻሕፍት የት አሉ?» ስትል ጠየቀችን። ፈለግን። አዳራሹን ሁሉ አዳርሰናል አንልም፤ ነገር ግን እግራችን እስኪዝል በዞርንበት ሁሉ በፊደላችን የተጻፈ አንድ ገጽ አላየንም። ለልጅቱ የሰጠናት መልስ «ይኖራል፣ ሳናየው አልፈን ይሆናል» የሚል ነበር። መልሱ እኛንም አላረካንም።

የእሑዱን ነገር ስንጽፍ እናፍራለን። ልጅቱ የምትወደው ሠዓሊ እሑድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በመጽሐፉ ላይ እንደሚፈርም ቅዳሜ ሰምታ ስትለምነን፣ እኛ ሳናስብ «እንወስድሻለን» ብለን ቃል ሰጥተን ነበር። እሑድ ግን ቅዳሴ አለ፤ ከቅዳሴም በኋላ ትምህርት እንድንሰጥ ተጋብዘናል። ቅዳሴው ቀድሞ አለቀ፤ ያስረዘምነው እኛ ነን። ከምእመናኑ መካከል ልጅቱ የግድግዳውን ሰዓት ስታይ አይተናት፣ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረን እያልን ሦስት ጨመርን። ከሥፍራው ስንደርስ ወንበሮቹ እየታጠፉ ነበር። ብታለቅስ በተሻለን ነበር፤ አላለቀሰችም።

ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ያንን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ጀርመንኛውን በሰባራ አማርኛዋ እየመለሰች ታነብልን ጀመር። ቃል ሲያጥራት በእጅዋ ታሳየናለች። ስትጨርስ «አሁን የአንተን አንብብልኝ» አለችን። በኪሳችን የነበረው ውዳሴ ማርያም ብቻ ነው። የእሑዱን ክፍል እንደለመድነው በዜማ ወረድነው። ዝም ብላ ሰማችና «ምን ይላል?» አለች። በመንፈሳዊ ኮሌጅ እንደተማርነው ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ስለ ምሳሌና ስለ አማናዊው ማብራራት ጀመርን። አቋረጠችን፦ «አጎቴ፣ እሱም አልገባኝም።»

ፊልጶስ ዲያቆን ነበር። ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በሠረገላው ላይ መጽሐፍ ሲያነብ አግኝቶ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ የጠየቀበትን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስተማርን ቍጥሩን አናውቀውም፤ ባስተማርንም ጊዜ ሁሉ ራሳችንን በፊልጶስ ቦታ እናቆም ነበር። በዚያ ባቡር ውስጥ ግን የተጠየቅነው እኛ ነን፤ ጠያቂዋም ገና ፊደል ያልቈጠረች ልጅ ናት። ከ20 ዓመት በላይ በጉባኤ ቆመን ስናስተምር፣ አንዲት ገጽ ለአንድ ሕፃን በሕፃን ቋንቋ ተርጕመን አናውቅም ነበር።

እንደገና ጀመርን። እመቤታችን በወርቅ መሶብ እንደምትመሰል ነገርናት። «መሶብ? እንደ እማዬ መሶብ?» አለች። አዎን፣ እንደ እናትሽ መሶብ፤ በውስጡ ግን ከሰማይ የወረደ መና አለበት። ከዚያ በኋላ መቅረዙን፣ ጽናውን፣ የአሮንን በትር ሁሉ ራስዋ እየጠየቀች አስተረጐመችን፤ መውረጃችንንም አሳለፍነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን መጽሐፍን የማናከብር ሕዝብ አይደለንም። ዳዊታችንን በማኅደር ከተን እንይዛለን፤ ወንጌል ሲነበብ እንቆማለን፤ መጽሐፉን ሳንሳለም አንመለስም። በየቤታችን ግን መጽሐፍ ቅዱሱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ ጫፍ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ይቀመጣል። ልጁ ሲንጠራራ «ተው፣ ታቆሽሸዋለህ» ይባላል። ይህን እኛም ብለናል። ልጁም መጽሐፍ ማለት የሚሳለሙት እንጂ የሚከፍቱት ነገር አለመሆኑን ተምሮ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ አያነብም ብለን የምንወቅሰውም እርሱኑ ነው።

የአባቶቻችን ሥርዓት እንዲህ አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤቱ ሕፃን ፊደሉን ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን አንብቦ፣ ዳዊቱን ሲደግም ድምፁ ለመንደሩ ይሰማ ነበር፤ ዳዊት ለደገመ ልጅም ወላጆቹ ድግስ ይደግሱለት ነበር። ጉድለት አልነበረውም አንልም፤ ልጁ የሚያነበውን ግእዝ ትርጕሙን የሚያውቀው ትርጓሜ ቤት ሲደርስ ነው፤ እዚያ የሚደርሱት ደግሞ ጥቂቶች ነበሩ። ቢሆንም መጽሐፉ በሕፃኑ ጭን ላይ ነበር። ዛሬ ድግሱ ቀርቷል ማለት አይቻልም፤ የቀረው ዳዊቱ ነው።

ኑሮ ተወዷል፣ መጽሐፍ ከየት ይገዛል የሚለውን መልስ እናውቀዋለን፤ እውነትነትም አለው። ይሁን እንጂ ለበዓሉ ዶሮ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ቢነሣ አንዲት የልጅ መጽሐፍ አይገዛም ወይ? ገንዘቡ ባይኖርስ፣ ጠላው ተቀድቶ እንግዳ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ያንን ከቁም ሣጥን ጫፍ ያለውን አውርዶ የልደቱን ታሪክ ከልጅ ጋር ማንበብ ምን ይፈጃል? እረኞቹ ሲመጡ ድምፅን መለወጥም ነውር የለበትም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭነው ለልጆች ሲያዞሩ፣ የሚያነብ ልጅ አላጡም። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለብዙ ቤተሰብ ቅርብ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንና የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንም፣ ለአዋቂ ከሚያሳትሙት መካከል ጥቂቱን በትልቅ ፊደልና በሥዕል ለልጆች ቢያደርጉት ብለን በትሕትና እናሳስባለን። ይህን የምንለው ለመውቀስ አይደለም፤ ፈልገን አጥተን ነው።

ለልደት በዓል ምን እንላክልሽ ብለን በስልክ ስንጠይቃት፣ «ያንን የመሶቡን መጽሐፍ፣ ግን ሥዕል ያለው» ስላለችን የአዲስ አበባን የመጻሕፍት መደብሮች ዞርን። ጥሩ ጥሩ የተረት መጻሕፍት አገኘን፤ ገዛንም። የመሶቡን ግን አላገኘንም። ስለዚህ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝተን፣ የእሑዱን ውዳሴ ማርያም አሳብ በቀላል አማርኛና በትልልቅ ፊደል ጻፍነው፤ ሥዕል የሚችል አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅም መሶቡንና መቅረዙን ሣለልን። በመንገደኛ እጅ ላክነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናትዋ ደወለችና ስልኩን ለልጅቱ ሰጠቻት። ፊደሉን ከእናትዋ ጋር ይዛዋለች፤ ደብተሩን እስከ አራተኛው ገጽ ድረስ በጣትዋ እየተከተለች አንብባዋለች። «አጎቴ» አለች፣ «ሦስተኛው ገጽ ላይ መሶብ የሚለውን ስትጽፍ አንድ ፊደል ረስተሃል።» ረቂቁን አውጥተን አየነው፤ ረስተናል።